ውኃ ሽንት ሲያስቸግር፦ የፕሮስቴት ዕጢ ማደግና የሕክምና አማራጮቹ

በዚህ ዕትም ይዘን የቀረብነው ርዕስ በክፍል ውስጥም ሆነ ቡና ላይ ብዙ የማይነሳ ነው። የአባቶቻችን የሽንት ችግር ነው። «ይሄ ደግሞ የትምህርት ጋዜጣ ላይ ምን ያደርጋል?» የምትሉ ትኖራላችሁ። ምክንያታችንን እንንገራችሁ።

እዚህ ካኩማ በማታው የጎልማሶች ክፍላችን ዕድሜያቸው ስድሳን ያለፈ አንድ አባት ነበሩ። ከሁሉ ቀድመው ይመጣሉ፣ ከፊት ይቀመጣሉ። ቀስ በቀስ ግን መቀመጫቸውን ወደ በሩ አስጠጉ። በአንድ ክፍለ ጊዜ ሁለት ሦስቴ መውጣት ጀመሩ። በኋላ ጭራሽ ቀሩ። «ጋሼ፣ ምነው ጠፉ?» ብለን ቤታቸው ብንሄድ «ብርድ መትቶኝ ነው፣ ይለቀኛል» አሉን። በዚህ ሙቀት ብርድ! ሌሊት ወደ ሽንት ቤት ላለመመላለስ ብለው ውኃ መጠጣት ሁሉ ቀንሰው ነበር።

ኋላ ወደ ጤና ጣቢያ ሲሄዱ ያስተረጎመላቸው ከተማሪዎቻችን አንዱ ነው። እሳቸው በልጁ ፊት አፈሩና «ሆዴን ነው» አሉ። ልጁም ነገሩ ሽንት እንደሆነ እያወቀ፣ ማፈሩ በለጠበትና ሆድ ብቻ ብሎ ተረጎመ። የሆድ መድኃኒት ተቀብለው ተመለሱ። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ አንድ ሌሊት ሽንታቸው ጨርሶ አልወጣ አለ። ሆዳቸው ከእምብርት በታች ተነፍቶ፣ በሥቃይ እየጮኹ በጎረቤት ሸክም ደረሱ። በሽንት ቧንቧቸው ቀጭን ጎማ፣ ማለትም ካቴተር ገብቶ የታቆረው ሽንት ሲወጣ ነው እፎይ ያሉት።

ጥፋቱን በልጁ ላይ አንጥልም። የሰውነት ክፍሎችን ስናስተምር ይህችን ዕጢ የዘለልናት እኛ መምህራኑ ነን። እኛ ሐኪሞች አይደለንም። የዩኒቨርሲቲ ትምህርታችንን ጀምረን በስደት ያቋረጥን መምህራን ነን። ይህ ጽሑፍም የሐኪምን ምክር አይተካም። ዓላማው መምህሩም ተማሪው አስተርጓሚም ነገሩን በስሙ ጠርቶ እንዲያስረዳ፣ ታማሚውም አማራጮቹን ተረድቶ እንዲመርጥ ነው።

ፕሮስቴት ምንድን ነው?

ፕሮስቴት ወንዶች ብቻ ያላቸው ዕጢ ነው። ከሽንት ፊኛ ሥር ተቀምጦ የሽንት ቧንቧን እንደ ቀለበት ይከብባል። ሥራው ከዘር ፈሳሽ ውስጥ ከፊሉን ማመንጨት ነው። በወጣትነት ክብደቱ 20 ግራም ገደማ ሲሆን ከዶሮ እንቁላል ያንሳል። ዕድሜ ሲገፋ ግን በወንድ ሆርሞን ምክንያት እያደገ ይሄዳል። ከ50 እስከ 60 ዓመት ባለው ዕድሜ ከወንዶች ግማሽ ያህሉ፣ ከ80 በላይ ደግሞ አብዛኞቹ የዕጢ ማደግ ይታይባቸዋል። ሁሉም ግን አይቸገሩበትም።

ብርድ፣ እርግማን ወይም የወጣትነት ጥፋት ያመጣው አይደለም። እንደ ፀጉር መሸበት ከዕድሜ ጋር የሚመጣ ነው። ካንሰርም አይደለም፤ ወደ ካንሰርም አይለወጥም። ነገር ግን ሁለቱ በአንድ ሰው ላይ ሊገኙ ስለሚችሉ ምርመራው አይቀርም።

መምህራን፣ ይህን በክፍል ለማሳየት ቀላል ዘዴ አለ። ውኃ የሚያወርድ ጎማ ያዙና መካከሉን በእጃችሁ ጨበጥ አድርጉት። ውኃው ይቀጥናል፣ ይቆራረጣል፣ ጀሪካኑ ለመሙላት ይዘገያል። ፕሮስቴት ሲያድግ በሽንት ቧንቧ ላይ የሚያደርገው ይህንኑ ነው።

ፊኛው ደግሞ እንደ ጀሪካን ዝም ብሎ የሚቀመጥ ዕቃ አይደለም፣ ጡንቻ ነው። መውጫው ሲጠብበት በኃይል ይገፋል። ብዙ ሲገፋ ይወፍራል፣ ይቆጣል፣ ገና ጥቂት ሽንት ሲይዝ «ቶሎ አውጣኝ» ይላል። ዓመታት ሲቆጠሩ ደግሞ ይደክማል። ስለዚህ ችግሩ ሁለት መልክ አለው። አንደኛው የማውጣት ችግር ነው፤ ሽንት ለመጀመር መዘግየት፣ መቅጠን፣ መቆራረጥ፣ ጨረስኩ ሲሉ መንጠባጠብ። ሁለተኛው የመያዝ ችግር ነው፤ ቶሎ ቶሎ መምጣት፣ መቋጠር አለመቻል፣ ሌሊት መመላለስ። ይህ ልዩነት መድኃኒት ሲመረጥ ስለሚያስፈልግ ልብ በሉት።

መጀመሪያ፣ በእርግጥ ፕሮስቴት ነው ወይ?

ሽንት ያስቸገረው ሁሉ ፕሮስቴቱ አድጓል ማለት አይደለም። የስኳር በሽታ ሽንት ያመላልሳል። የሽንት መመረዝ፣ የፊኛ ጠጠር፣ ቢልሃርዚያ፣ ከቆየ ጨብጥ ወይም ከጉዳት የተረፈ የሽንት ቧንቧ ጠባሳ፣ የፕሮስቴት ካንሰር፣ ሁሉም ተመሳሳይ ምልክት ሊያሳዩ ይችላሉ። መድኃኒትም ያባብሳል። ለጉንፋንና ለአለርጂ የሚሰጡ እንደ ክሎርፌኒራሚንና ሱዶኤፌድሪን ያሉት፣ እንዲሁም አሚትሪፕቲሊን ሽንት ሊይዙ ይችላሉ። ስለዚህ የምትወስዱትን ሁሉ ለሐኪሙ ማሳየት ያስፈልጋል።

በምርመራው ሽንት ይታያል፣ የደም ስኳርና የኩላሊት ምርመራ ሊታዘዝ ይችላል። ሐኪሙ ጓንት አድርጎ በፊንጢጣ በኩል በጣቱ ዕጢውን ይዳስሳል። ብዙ አባቶች የሚሸሹት ይህንን ነው። ከአንድ ደቂቃ አይበልጥም፤ ዕጢው ለስላሳ ይሁን ጠጣር የሚለየው በዚህ ነው። አልትራሳውንድ ደግሞ የዕጢውን መጠንና ከሸኑ በኋላ ፊኛ ውስጥ የቀረውን ሽንት ያሳያል። ፒኤስኤ የተባለ የደም ምርመራም አለ። ቁጥሩ ከፍ ማለቱ ብቻውን ካንሰር ነው ማለት አይደለም፤ ዕጢው ሲያድግም ሲመረዝም ከፍ ይላል።

ሰባቱ ጥያቄዎች

ሐኪሞች በዓለም ዙሪያ የሚጠቀሙበት የሰባት ጥያቄ መለኪያ አለ። አሳቡን በራሳችን አማርኛ እነሆ። ባለፈው አንድ ወር ውስጥ፦

1. ሸንተው ሲጨርሱ ፊኛዎ ገና ያልተራገፈ መስሎ ይሰማዎታል?
2. ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ተመልሰው ይሸናሉ?
3. ሽንትዎ እየቆመ እየጀመረ ይወጣል?
4. ሽንት ሲመጣ መቋጠር ያቅትዎታል?
5. የሽንትዎ አወራረድ ደካማ ነው?
6. ለመጀመር ያምጣሉ?
7. ሌሊት ከተኙ በኋላ ለሽንት ስንት ጊዜ ይነሳሉ?

ከ1 እስከ 6 ላሉት ጥያቄዎች «በጭራሽ» ከሆነ 0፣ «ሁልጊዜ ማለት ይቻላል» ከሆነ 5 ይሰጣል፤ በመካከል ላለው እንደ መጠኑ ከ1 እስከ 4። ለሰባተኛው የተነሱበት ቁጥር ራሱ ይጻፋል፤ ከ5 በላይ ቢሆንም 5 ይባላል። ድምሩ እስከ 7 ቀላል፣ ከ8 እስከ 19 መካከለኛ፣ ከ20 እስከ 35 ከባድ ነው። በመጨረሻ አንድ ጥያቄ ይጨመራል፦ «ቀሪ ዕድሜዎን እንዲህ እንዳሉ ይኑሩ ቢባሉ ምን ይሰማዎታል?» ይህ ጥያቄ ከሁሉ ይበልጣል። ሁለቴ የሚነሳ ሰው ሊመረር ይችላል፣ አራቴ የሚነሳው ደግሞ «ምን ችግር አለው፣ ለምጄዋለሁ» ሊል ይችላል።

ይህ መለኪያ በሽታው ምን እንደሆነ አይለይም። ምን ያህል እንዳስቸገረ ግን ያሳያል። ሕክምና ከጀመሩ በኋላም ለውጥ መኖሩን ለማወቅ ይረዳል።

አማራጮቹ

አንደኛው፣ ኑሮን እያስተካከሉ መከታተል ነው። ምልክቱ ቀላል ለሆነና አደጋ ለሌለበት ሰው ይህም ሕክምና ነው። ከመኝታ በፊት ሁለት ሰዓት ያህል መጠጥ መቀነስ፣ ሻይና ቡናን ማታ መተው፣ ሸንቶ ጥቂት ቆይቶ እንደገና መሞከር፣ የሆድ ድርቀትን መከላከል ይጠቅማል። ውኃን ቀኑን ሙሉ መከልከል ግን ስሕተት ነው። በዚህ ሙቀት ሽንት ሲወፍር ፊኛ ይቆጣል፣ ጠጠርም ይፈጠራል። ጫት ወይም ሚራ ለሚቅሙም አንድ ነገር እንበል። እ.ኤ.አ. በ1995 የታተመ ጥናት ጫት የሽንትን ፍሰት እንደሚቀንስ አሳይቷል፤ የፊኛውን አንገት ስለሚያጠብቅ ነው።

ሁለተኛው፣ መድኃኒት ነው። ሁለት ዋና ዋና ዓይነት አለ።

የመጀመሪያው ዓይነት የፊኛውን አንገትና የዕጢውን ጡንቻ ያላላል። ታምሱሎሲንና ዶክሳዞሲን ከዚህ ወገን ናቸው። በቀናት ወይም በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ለውጥ ይታያል፣ ዕጢውን ግን አያሳንስም። ከተቀመጡበት ብድግ ሲሉ ሊያዞር ስለሚችል ሌሊት ለሽንት ሲነሱ አልጋው ጠርዝ ላይ ጥቂት ተቀምጦ መነሳት ይበጃል። የዘር ፈሳሽም ሊቀንስ ወይም ሊቀር ይችላል። የዓይን ሞራ ቀዶ ሕክምና የታሰበለት ሰው ይህን መድኃኒት መውሰዱን አስቀድሞ ለዓይን ሐኪሙ መንገር አለበት።

ሁለተኛው ዓይነት ዕጢውን ራሱን በዝግታ ያሳንሳል። ፊናስቴራይድና ዱታስቴራይድ ይባላሉ። የሚጠቅሙት ዕጢው ትልቅ ለሆነ ሰው ነው። ጥቅማቸውን ለማየት ስድስት ወር ያህል መታገስ ያስፈልጋል። በአንዳንዱ ሰው የወሲብ ፍላጎትንና አቅምን ይቀንሳሉ። የፒኤስኤን ቁጥር በግማሽ ያህል ስለሚያወርዱ መወሰዳቸውን ለሐኪም መንገር የግድ ነው። ነፍሰ ጡር ሴት የተሰበረ ወይም የተፈጨ ክኒናቸውን መንካት የለባትም፤ በማኅፀን ያለን ወንድ ልጅ ሊጎዱ ይችላሉ።

ሁለቱን አብሮ መውሰድስ? እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ፣ 3,047 ወንዶችን ለአራት ዓመት ተኩል ገደማ የተከታተለ የአሜሪካ ጥናት ነበር። በሽታው የመባባሱን ዕድል ዶክሳዞሲን ብቻውን በ39 በመቶ፣ ፊናስቴራይድ ብቻውን በ34 በመቶ፣ ሁለቱ አብረው ግን በ66 በመቶ ቀነሱት። ሽንት ጨርሶ መዘጋትንና ለቀዶ ሕክምና መድረስን በዘላቂነት የቀነሰው ግን ፊናስቴራይድ ያለበት ሕክምና ነው።

ዋናው ችግር መቋጠር አለመቻል ከሆነ የፊኛውን ቁጣ የሚያበርዱ እንደ ሶሊፌናሲን፣ ኦክሲቡቲኒንና ሚራቤግሮን ያሉ መድኃኒቶች ሊጨመሩ ይችላሉ። ከዚያ በፊት ግን ፊኛው ውስጥ ብዙ ሽንት እንደማይቀር መረጋገጥ አለበት። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ አፍ ያደርቃሉ፣ ሆድ ያደርቃሉ፣ አረጋውያንን ሊያደናግሩም ይችላሉ።

ሦስተኛው፣ ቀዶ ሕክምና ነው። በብዛት የሚሠራው ከወገብ በታች አደንዝዞ፣ ሆድ ሳይቀደድ፣ መሣሪያ በሽንት ቧንቧ አስገብቶ የዕጢውን ውስጠኛ ክፍል መላግ ነው። ዕጢው በጣም ትልቅ ሲሆን ሆድ ተከፍቶ ወይም በሌዘር ይሠራል። ከመድኃኒት ይልቅ ትልቅ ለውጥ የሚያመጣው ይህ ነው። መድማት፣ መመረዝ፣ ለጥቂት ጊዜ ሽንት ማምለጥ ሊኖር ይችላል፤ ዘላቂ ማምለጥ ግን ጥቂቶችን ነው የሚያጋጥመው። ከግማሽ በሚበልጡት ላይ የዘር ፈሳሽ ወደ ውጭ መውጣቱን ትቶ ወደ ፊኛ ይመለሳል። ይህ ጤና አይጎዳም፣ ልጅ ለመውለድ ግን እንቅፋት ነው። «ወንድነት ይጠፋል» የሚባለውን በተመለከተ፣ የአብዛኞቹ የወሲብ አቅም እንደነበረ ይቀጥላል። ዕጢው በሙሉ ስለማይወጣ ከዓመታት በኋላ ተመልሶ ሊያድግ ይችላል፤ የካንሰር ክትትልም አይቀርም።

አራተኛው፣ ካቴተር ነው። ሽንት ጨርሶ ሲዘጋ ሕይወት አዳኝ ነው። ለዘለቄታው ግን ለቀዶ ሕክምና አቅም ለሌለው ሰው የሚቀር መፍትሔ ነው። እንደ ዓይነቱ ከ4 እስከ 12 ሳምንት ባለው ጊዜ መለወጥ አለበት፣ ከረጢቱ ሁልጊዜ ከፊኛ በታች መሆን አለበት፣ በየቀኑ በውኃና በሳሙና መታጠብ ይፈልጋል። ውኃ በጀሪካን በሚቆጠርበት ካምፕ ይህ ቀላል ሥራ አይደለም።

ስለ ባህል መድኃኒትም ትጠይቁናላችሁ። በውጭ አገር ሳው ፓልሜቶ የተባለ ተክል ለፕሮስቴት በሰፊው ይሸጣል። እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ፣ 225 ወንዶች የተሳተፉበት ጥናት ግን ምንም መድኃኒት ከሌለበት ክኒን የተሻለ ሆኖ አላገኘውም። በዚያ በታወቀው ተክል ላይ ይህ ከታየ፣ ምንነቱ ባልታወቀ ዱቄት ገንዘብ ከማውጣት በፊት ሐኪም መጠየቅ አይሻልም?

እንዴት ይመዘናል?

«ታዲያ የቱ ይሻላል?» ለሁሉም የሚሆን አንድ መልስ የለም። ሦስት ነገር መመዘን ያስፈልጋል።

አንደኛ፣ አደጋ አለ ወይ? ሽንት ደጋግሞ ከተዘጋ፣ መመረዝ ከተመላለሰ፣ ከዕጢው የሚመጣ ደም ካልቆመ፣ የፊኛ ጠጠር ከተገኘ ወይም ኩላሊት መጎዳት ከጀመረ ሚዛኑ ወደ ቀዶ ሕክምና ያደላል። እዚህ ላይ መዘግየት ዋጋ አለው። ፊኛው አንዴ ከደከመ መንገዱ ቢከፈትለትም በሚገባ ላይሠራ ይችላል።

ሁለተኛ፣ ምን ያህል አስቸግሮኛል? ምን መቀበልስ እችላለሁ? አንዱ ማዞርን ይፈራል፣ ሌላው ገና ልጅ መውለድ ይፈልጋል፣ ሦስተኛው እንቅልፍ ብቻ ነው የጠማው። ይህን ሐኪሙ ከፊት አይቶ አያውቀውም፣ መነገር አለበት።

ሦስተኛ፣ በምንኖርበት ቦታ ምን ይዘልቃል? መድኃኒት በየቀኑ ለዓመታት የሚወሰድ ነው። ካለቀና ከተቋረጠ ምልክቱ ይመለሳል። ቀዶ ሕክምና አንድ ጊዜ ይሠራል፣ ነገር ግን ሪፈር፣ ወደ ሎድዋር ወይም ከዚያ ወዲያ መጓዝ፣ ወረፋ መጠበቅና አስታማሚ ይፈልጋል። ስለዚህ ሐኪሙን እንዲህ ብላችሁ ጠይቁ፦ ይህ መድኃኒት እዚህ ሳይቋረጥ ይገኛል? ምን ያህል ጊዜ ሞክሬ ካልተሻለኝ ነው የምመለሰው? ብጠብቅ ምን ይደርስብኛል?

የአባታችን ነገር እንዲህ ሆነ። ካቴተሩ ከገባ በኋላ ታምሱሎሲን ተጀመረላቸው። ከጥቂት ቀን በኋላ ወጥቶ በራሳቸው ሸኑ። ሰባቱን ጥያቄዎች አብረን ስንሞላ የቀድሞው ድምራቸው 23 ነበር፤ ከሁለት ወር በኋላ 12 ሆነ። ዕጢያቸው ትልቅ ስለሆነ ሐኪሙ ሁለት መንገድ አስቀመጠላቸው፤ ሁለተኛ መድኃኒት ጨምሮ መቀጠል ወይም ሪፈር ተጽፎ ቀዶ ሕክምና። በመሃል መድኃኒቱ አልቆ አሥር ቀን ሲያጡት ሌሊቱ እንደ ድሮው ሆነባቸው። «ክኒን ሲጠፋ ነፍሴ አብራ ትጠፋለች፣ ይቆረጥልኝ» ብለው ቀዶ ሕክምናውን መረጡ። አሁን ወረፋ ላይ ናቸው። ሌላ አባት ደግሞ በተመሳሳይ ሁኔታ ክኒኑን ቢመርጥ አልተሳሳተም። ተረድቶ መምረጡ ነው ቁም ነገሩ።

ለአስተርጓሚ ተማሪዎች

ቃላቱን አትፍሩ። በስዋሂሊ ሽንት ምኮጆ፣ ፊኛ ኪቦፉ፣ ፕሮስቴት ቴዚ ዱሜ፣ ደም ዳሙ፣ ሌሊት ኡሲኩ ይባላል። የተባለውን ሳትጨምሩ ሳትቀንሱ ተርጉሙ። የሰማችሁትን ከዚያ ክፍል ይዛችሁ አትውጡ። አባትየው በእናንተ ፊት ካፈሩ «ሌላ ሰው ላምጣልዎ?» በሉ፤ ነውር የለውም። ሰባቱን ጥያቄዎች ቤት ውስጥ ሞልቶ ወረቀቱን ይዞ መሄድም ብዙ ማፈርን ያስቀራል።

ከሚከተሉት አንዱ ከታየ ደግሞ ቀጠሮ አይጠበቅም፦ ሽንት ጨርሶ አለመውጣት፣ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ከሽንት ችግር ጋር፣ በሽንት ውስጥ ደም፣ ፊኛ ሞልቶ ሳይታወቅ መንጠባጠብ፣ ከጀርባ ሕመም ጋር የእግር መዛል። በሌሊትም ቢሆን ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ነው።

አበው «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላሉ። እኛ ደግሞ አስተርጓሚውም እንዳይደብቅበት እንላለን። አባታችን ይህ እንዲጻፍ የፈቀዱት «ሌላው እንደኔ እንዳይጮህ» ብለው ነው። ወደ ክፍል ተመልሰዋል። በሩ አጠገብ ያለው ወንበር የሳቸው ነው፤ ሲወጡም ሲገቡም ማንም ዞር ብሎ አያይም። ወንበሩን ባዶ ብታገኙት እንኳ አትቀመጡበት።

በሚቀጥለው ዕትም እስክንገናኝ ቸር ይግጠመን።